በቁጥር ውስጥ የተገኘው ነዋሪ

ማርስ ላይ በተቆረቆረችው የጎህ ከተማ ሕፃን ሲወለድ ከስሙ ጋር ብቸኛ ቁጥር ይሰጠዋል። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ነው። የከተማዋ ቁጥሮች እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ አንዱን ጮክ ብሎ ላንብብ ያለ ሰው መሐል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ቁጥሮቻቸው ይባዛሉ፤ ብዜቱም የቤታቸው ቁጥር ይሆናል። ይህ ብዜት ከሌላ ከማንም ሰው ቁጥር ሊገኝ ስለማይችል፣ አየር የሚያድለው መሣሪያ ብዜቱን ወደ ብቸኛ ቁጥሮቹ በትኖ የቤቱን ነዋሪዎች ይለያል፤ በነፍስ ወከፍም አየር ይለቃል።

የፋናዬ ሥራ ቁጥር መመርመር ነበር። አዲስ መሣሪያ በተተከለ ማግስት፣ የእነ ጋሽ እንግዳወርቅ በር ተቆልፎ አየራቸው ተቋረጠ ተባለና ተጠራች። ስትደርስ ጎረቤቶች በሩን በብረት ሲታገሉ ቆይተው ደክመዋል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ «የተመዘገቡ ሁለት፣ የተገኙ ሦስት» ይላል። መሣሪያው ሰርጎ ገብ አለ ብሎ ቤቱን ዘግቶታል።

ፋናዬ ብዜቱን ስታየው ነገሩ ገባት። ጋሽ እንግዳወርቅ በተወለዱበት ዘመን ቁጥር የሚጣራው በፈጣን ፈተና ነበር። ፈተናው አካፋይ አይፈልግም፤ ቁጥሩ የብቸኛ ቁጥር ጠባይ ካሳየው ያሳልፈዋል። የእሳቸው ቁጥር ፈተናውን አለፈ እንጂ የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነበር። የድሮው መሣሪያ በተመዘገቡት ቁጥሮች ብቻ ስለሚያካፍል አልነቃበትም፤ አዲሱ ግን እስከ መጨረሻው በተነው።

«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ይሰሙኛል?» አለች በመነጋገሪያው።

«እንሰማሻለን፣ ልጄ። ወሰንየለሽ ግን ደከም ብላለች።»

«ቁጥርዎን ለመቀየር የምክር ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። እስከዚያ አየሩ አይበቃችሁም። ሦስተኛ ሰው ብዬ ልመዝግብ፤ የማንንም ስም ይስጡኝ።»

የመለሱት የጋሽ እንግዳወርቅ ባለቤት ወሰንየለሽ ናቸው፤ ድምፃቸው ሰልሏል።

«ናሁሰናይ በይው።»

«ማን ነው እሱ?»

«ልጃችን። ያለ ጊዜው ተወልዶ፣ ቁጥር ሳይሰጠው ሞተ። ስም ግን አውጥተንለት ነበር።»

ፋናዬ ጻፈች። በሩ ተከፈተ፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ አየርም ገባ። ጋሽ እንግዳወርቅ ሚስታቸውን ደግፈው ብቅ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ቁጥሮቹ እንደገና ሲመረመሩ በዚያው ፈተና ያለፉ ብዙ ሰዎች ተገኙ። ምክር ቤቱ ምርጫውን ለባለቤቶቹ ተወው፤ ወይ ቁጥራቸው ይቀየር፣ ወይ ትርፉን ነዋሪ በስም ያስመዝግቡ። ፋናዬ ሁሉም መቀየሩን እንደሚመርጡ አልተጠራጠረችም። አዳዲስ ቁጥሮች አዘጋጅታ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች።

አብዛኞቹ ግን ገና አስረድታ ሳትጨርስ የሞተባቸውን ሰው ስም ጠሩላት።