ከጫማዋ የወጣው ምስክር

ኢንስፔክተር እናትነሽ ሬሳ አይታ ምግብ የሚዘጋባት ሴት አልነበረችም። ከገደል የወጣም ከጉድጓድ የተጎተተም አይታ፣ እጇን ታጥባ እራቷን የምትበላ ፖሊስ ናት። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ምግቧን የዘጋባት ሬሳው ሳይሆን አጠገቡ የቆመው ሰው ነበር።

ሟቿ የምሥራች የእንጅባራ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበረች። ሣር ሊያጭዱ የወጡ ገበሬዎች ከአፋፉ ሥር፣ እግሯ ውሃ ውስጥ፣ ደረቷ ሣር ላይ ሆኖ አገኟት። አንገቷ ተሰብሯል። ውሃው ጫማዋን አጥቦ አንጽቶታል፤ ክንዷ ላይ የታሰረው የሙዚቃ ማጫወቻ ግን እንደደረቀ ነው። አጠገቧ አሰልጣኟ ምንይችል እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል፤ እግረ ረጅም፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ በወጣትነቱ ራሱም ሯጭ የነበረ ሰው ነው።

«ጫማው የክለቡ ንብረት ነው፤ አብሯት እንዳይሄድ» አላት፣ ገና ሬሳው ላይ ሳታጎነብስ። «ከቡድናችን የአምሳለም የእግር ቁጥር ያው ነው። ለውድድሩ እሷ ትተካለች።»

እናትነሽ ቀና ብላ አየችው። ገና ያልተገነዘች ልጅ ጫማ የሚመኝ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሟል። ስለ ልጅቷ ጠየቀችው። ከእጮኛዋ ከይኸነው ጋር ተጣልታ እንደነበር፣ ስታለቅስ እንደሰነበተች ነገራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት፤ «ራሷን ነው የወረወረችው። ምን ይደረጋል!»

ይህ ወሬ ከሬሳው ቀድሞ እንጅባራ ከተማ፣ በሌላ ስሟ ቆሰበር፣ ገባ። እኩለ ቀን ሳይሆን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጆሮ ደረሰ፤ ካህኑ አባ አድማሴም በገዛ እጇ ከሞተች ፍትሐትም፣ በቅጥሩ ውስጥ መቃብርም እንደሌላት አስታወቁ። ለእናቷ ለወይዘሮ በቀለች በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባቸው። ኢንስፔክተሯ ለቅሶ ቤት ስትደርስ በአዊኛ እያንጎራጎሩ ነበር፤ ሲያዩዋት ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«በስለት የወለድኳት ልጅ ናት። ማርያምን ሳትሳለም አልፋ አታውቅም። ሩጫ ላይ እንኳ ቆማ፣ አማትባ፣ ደጁን ስማ ነው የምታልፈው። ዛሬ በምን ጥፋቷ ከደጁ ትከልከል?»

«እስከ ነገ ቀብር ድረስ ይታገሡኝ፣ እናቴ» አለች እናትነሽ።

ይኸነው ቆሰበር ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ፣ ረጅምና ወፍራም ወጣት ነው። መጣላታቸውን አልካደም። ሠርጉ ከውድድሩ ይቅደም ብሎ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። ዓይኑ እንዳበጠ፣ ኢንስፔክተሯ ያመጣችለትን ማጫወቻ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። የምሥራች ከውጭ ውድድር ይዛው የመጣችው ነው። ከጫማዋ ሶል ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ሰንሰር አለች፤ እርምጃ ትቆጥራለች፣ ማጫወቻው ይመዘግባል። ማታ ማታ ይኸነው ይገለብጥላትና የፍጥነቷን መስመር አብረው ያዩ ነበር።

የመጨረሻው ቀን መስመር ጎህ ሲቀድ ጀምሮ፣ ከቆሰበር ሐይቁ የሚያደርሰውን ያህል ሄዶ አለቀ። ብቻዋን ሮጣ ሄዳ ወደቀች የሚል ይመስላል፤ የአሰልጣኙን ወሬ የሚያጠናክር ነበር። ኢንስፔክተሯ የቀደሙትን ቀናት አሳየኝ አለችው። በሁሉም ላይ መስመሩ መንገዱ አጋማሽ ላይ እስከ ታች ይወርድና ተመልሶ ይወጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጫማ ክሯን የምታስር ይመስለኝ ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዛሬ መንገዱ አጥሯል። ያው መንገድ ነው፤ ማሽኑ ግን አጭር ነው ይላል። የእሷን እርምጃ ተምሮ ነው የሚለካው።»

እናትነሽ የቀደሙትን ቀናት መስመሮች ከመጨረሻው ቀን መስመር ጋር አንድ በአንድ አስተያየች።

አምሳለ የምሥራችን በቁመት ትከሻዋ ጋ የምትደርስ ልጅ ናት። ጫማውን ታገኛለች፣ ቦታውንም ታገኛለች ተብላ የተጠረጠረች ናትና ኢንስፔክተሯ አልራራችላትም። ጥያቄው ሲጠነክር ልጅቷ ነጠላዋን ከአገጯ ላይ ገለጥ አደረገች። ጢም አብቅላለች። ድምፅዋም ሻክሯል። አሰልጣኙ ቫይታሚን ነው እያለ ዳሌያቸውን በመርፌ ሲወጋቸው መክረሙን ተናገረች። የምሥራች ግን መርፌው ይብቃኝ፣ ለስፖርት ቢሮም እናገራለሁ ብላው ነበር።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ከቡድኑ እንዳልወጣ ብዬ።»

ኢንስፔክተሯ ውጭ ወጥታ አጥሩ ሥር ተፋች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ላይ ጢም የሚያበቅል ሰው፣ ከዚያ ለሬሳ ጫማ የሚሟገት ሰው! አጸያፊነቱ ከልብሷ ላይ እንደ ጭስ አልለቅ አላት። ምንይችል ራሱ ሲጠየቅ ግን ሳቂታ ነበር። ጠዋቱን ቤቱ ተኝቶ ነበር፤ ሞተር ብስክሌቱም ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ጎረቤቶቹም መሰከሩ። ያዩት ግን ሞተሯን እንጂ እሱን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀብሩ ገና ሳይወሰን፣ እናትነሽ ሁሉንም ሰብስባ የምሥራች የምትሮጥበትን መንገድ በእግር አስጀመረቻቸው። ወይዘሮ በቀለች በምርኩዝ፣ ይኸነው እያለከለከ፣ አምሳለ ተሸፋፍና፣ ምንይችልም ሰዓቱን እያየ ተጓዙ። ማርያም ደጅ ሲደርሱ ሁሉም ቆመው አማተቡ። በሩ ላይ የሚጠብቋቸው አባ አድማሴ መስቀላቸውን አሳለሙ። ምንይችል ብቻ መንገዱን ተሻግሮ፣ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ስቦ አለፈ።

«እዚሁ ነው የምንጨርሰው። አሰልጣኝ፣ ይመለሱ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ተመለሰ። ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ቆሙ።

«የምሥራች በየቀኑ እዚህ ትቆም ነበር» ብላ ጀመረች። «ሰንሰሩ በየቀኑ ይመሰክራል፤ መስመሩ እዚህ ጋ ይወርዳል። በሞተችበት ጠዋት ግን አልወረደም። ታዲያ የሮጠችው እሷ አይደለችም፤ ሰንሰሩን ሌላ ሰው በራሱ ጫማ ውስጥ ከትቶ ሮጧል። ደግሞ መንገዱ አጠረ። ማሽኑ የሚያውቀው የእሷን እርምጃ ነው፤ እግረ ረጅም ሰው በጥቂት እርምጃ ሲጨርሰው መንገዱ ያጠረ መሰለው። ስለዚህ አምሳለ አይደለችም፤ እሷ ብትሆን ይረዝም ነበር።»

ሁሉም ወደ ይኸነው ዞሩ።

«እሱም አይደለም። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ዕድሜውን በሩጫ የጨረሰ ሰው መስመር። ይኸነው በእግር ጉዞ እንኳ ልቡ ሊወጣ ነው። መንገዱ አጠረ ብሎ የነገረኝም ራሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትቸኩል ዘረዘረችው። ምንይችል ገና ሳይነጋ የምሥራችን ሞተሩ ላይ አፈናጦ፣ እየተነጋገርን እንሂድ፣ ሩጫሽን ስትመለሺ ትሮጫለሽ ብሎ ወሰዳት። አፋፉ ላይ ስለ መርፌው ተጣሉ፤ ገፋት። ሳትሮጥ እዚያ ከተገኘች ማን አመጣት መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ማጫወቻውንና ሰንሰሩን ወስዶ ቆሰበር ተመለሰ፣ ሞተሩን በሩ ላይ አቆመ፣ እሷን ሆኖ ሮጠ። ዕቃዎቹን ሬሳዋ ላይ መልሶ በሚኒባስ ቤቱ ገባ። የወንድ ሆርሞን መርፌዎቹን ፖሊስ ዛሬ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ከአልጋው ሥር አግኝቷቸዋል።

«አንዲት ሴት ቆመች አልቆመች ተብሎ ሰው ይታሰራል?» አለ ምንይችል።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አሁንስ፣ ሁላችንም ስንሳለም ለምን አለፉ?»

አባ አድማሴ መስቀሉን ዘረጉለት። ምንይችል እንደሚወጉት ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እዚህ እንደምትቆም አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሰዓትሽን ታበላሻለሽ እያልኩ ስንት ጊዜ ሰድቤያታለሁ። ልቆም አስቤ ነበር፤ እንደ እሷ ልቆም። በሩ ጋ ስደርስ እግሬ አልቆም አለኝ።»

እናትነሽ እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ስትለው ቆይታለች።

«ደጁን ፈራህ» አለችው። «ልጅቷን ግን አልፈራሃትም። ውሰዱት ከፊቴ።»

አባ አድማሴ ወደ ወይዘሮ በቀለች ዞረው፣ ስለ ትናንቱ ቃላቸው ይቅርታ ጠየቋቸውና መቃብሩ እንዲቆፈር አዘዙ። አምሳለ ጫማው ሲቀርብላት እጇን አልዘረጋችም።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የተሸከሙት ሰዎች ማርያም ደጅ ሲደርሱ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የምሥራች ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ በቀለች ምርኩዛቸውን ጥለው ጎንበስ አሉና በልጃቸው ፈንታ ደጁን ሳሙ።