ከገመዱ በኋላ አራት ቅዘፋ

ሻምበል ገብረ መድኅን ነፋስ ስልክ ካለው የፋብሪካ ክበብ ሲደርስ የአቶ ከበበው አስከሬን አቡጀዲ ለብሶ መዋኛ ገንዳው ዳር ተጋድሟል። ከበበው ዕድሜው አርባ ሁለት የሆነ የፋብሪካው ጸሐፊ ነበር። የሚያዝያው ዝናብ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጎህ ሲቀድ አባርቷል።

አስከሬኑን ያወጣው የገንዳው ጠባቂ ለታ ነው፤ ድሮ መርከበኛ ነበር።

«ብቻውን እንደሚዋኝ እያወቅህ የት ነበርክ?»

«እንቅልፍ ጣለኝ፣ ጌታዬ።» ለታ አንገቱን ደፋ።

ሻምበሉ ሌላ ሳይጠይቅ አብረውት በመጡት ፖሊሶች በካቴና አሳሰረው።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። የሟቹ አለቃ አቶ መኩሪያ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አላት። እጇን ዘርግታለት ነበር፤ አልጨበጣትም።

«ባልዎ ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?» አላት ሻምበሉ።

«ከእኔ ጋር! በዚህ ዕድሜህ በቁምጣ ስትንቦጫረቅ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አሸማቅቀው ነበር። ትናንትም እራት ላይ ብያለሁ።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሻምበሉ አቡጀዲውን ገለጠ። የሟቹ አናት ተፈንክቷል። ወደ ለታ ዞረ።

«ዋና ያውቅ ነበር?»

«መጀመሪያ ውሃውን በጉልበት ነበር የሚደበድቡት። አንዴ በሙሉ ኃይል ይሂዱ፣ ትንፋሽዎ እስኪመለስ ይረፉ፣ ደግመው ይሂዱ እያልኩ አለማመድኳቸው። በሦስት ወር ሃያ አምስቱን ሜትር በጀርባ ከሠላሳ ሴኮንድ ወደ ሃያ ሁለት አወረዱት። ባለፈው እሑድ አቶ መኩሪያንም ቀደሙ።»

«በጀርባው የሚዋኝ ሰው የገንዳውን ጫፍ ግንብ እንዴት ያየዋል?»

«አያየውም፤ ገመዱን ነው የሚያየው።» ከገንዳው በላይ ሰማያዊ ብጣሽ ጨርቅ የተንጠለጠለበትን ገመድ በታሰረ እጁ አሳየው። «ገመዱን ካለፉ በኋላ አራት ጊዜ ቀዝፈው ግንቡን ይነካሉ።»

ሻምበሉ ገመዱ የታሰረበትን ምሰሶ ዳሰሰ፤ ቋጠሮውንም ፈታ። ከዚያ ወደ ግንቡ ጠጋ ብሎ የቆመውን ሌላ ምሰሶ ዞሮ አየ። ሦስቱንም ገንዳው ዳር ሰበሰባቸው።

«ሰውዬው አናቱን የመታው ግንቡ ነው። በየማለዳው የሚዋኝበትን ገንዳ እንዴት ሳተው? ምልክቱ ዋሽቶታል። ይህን ቋጠሮ ስፈታው ከሥሩ ያለው እንጨት እርጥብ ነው፤ ስለዚህ የታሰረው ከዝናቡ በኋላ ነው። ያኛው ምሰሶ ግን ዝናብ አርሶት ሳለ ጣት የሚያህል ደረቅ ቀለበት አለው። ሌሊቱን ገመዱ እዚያ ነበር። አቶ ከበበው አራት ቅዘፋ ይቀረኛል ሲል የቀረው ሁለት ነበር።»

ሻምበሉ የተፈታውን ገመድ ስቦ ጨርቁን በመዳፉ ጨመቀው።

«ገመዱን ወደ ቦታው የመለሰው ሰው እርጥቡን ጨርቅ ነክቷል። ጨርቁ ደግሞ ቀለም ይለቃል።» ሻምበሉ በሰማያዊ የተነከረ የራሱን መዳፍ አሳያቸው። «አቶ መኩሪያ፣ የወይዘሮዋን እጅ ያልጨበጡት ለምንድን ነው?»

መኩሪያ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ፊት አመጣ። ጣቶቹ ሰማያዊ ነበሩ።

«በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጸሐፊዬ ቀደመኝ» አለ። «ትናንት ማታ ገመዱን ያስጠጋሁት ግንቡ ነካ አድርጎት እንዲደነግጥ፣ ፍጥነቱን እንዲፈራ ብቻ ነበር። ማልጄ መጥቼ ተደብቄ አየሁት። ሲመታና ሲሰጥም…»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«መጀመሪያ ገመዱን ልመልስ አልኩ። ሰው እንዳያየኝ።»

ፀሐይወርቅ ነጠላውን ከፊቷ አነሳች። «አንተ ዋና ትችል የለ?»

«እችላለሁ» አለ መኩሪያ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሻምበሉ ወደ ለታ ሄደና ካቴናውን በራሱ እጅ ፈታለት።

«አቶ ለታ፣ ሳልመረምር አሰርኩዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ለታ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ ውሃውን አየ።

«ቢሆንም ጌታዬ» አለ፣ «ተኝቼ ነበር።»