የሰይፉ ተጎታች ቤት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እውነቴን ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ሲደርሰን ሴቶቹ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «እባካችሁ እንቅልፍ መጥቶባችሁ ነው» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ፣ ዛሬም አመንኩ አልላችሁም፣ የሆነውን ግን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባለቤቴ ሰይፉ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ነው ነው የምለው፣ ነበር አልልም። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ፣ ፈረንጆች ይኖሩበት የነበረ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝቶ ደብረ ብርሃን ግቢያችን ድረስ ጎትቶ አመጣው፣ እንደ እንቁላል ጥግ ጥጉ የተድበለበለ፣ ቆርቆሮው የተጨረማመተ፣ ውስጡ አይጥ የወለደበት፣ ሳየው በሳቅ ሞትኩ። «አንቺ ሳቂ» አለኝ፣ «አድሼው አንኮበር አፋፉ ላይ አቆመዋለሁ፣ ጠዋት ስትነሺ ደመናው ከእግርሽ ሥር ነው የሚሆነው።» የበሰበሰውን ወለል ነቅሎ አዲስ ጣውላ መታ፣ ከሥሩ ቤቱን የሚሸከመውን የላላ ባሌስትራ አስጠገነ፣ ከመንገድ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር እዚያ ገብቶ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ረዘም አድርጎ ይፍቅና ቆም ብሎ ብናኙን «እፍ» ይለዋል፣ እንደገና ይፍቃል።

ከዚያ እህል ጭኖ ወጣ፣ አልተመለሰም። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፣ እሱ የለም፣ አስከሬንም የለም፣ አየሁ የሚል ሰውም የለም። ያላንኳኳሁት በር፣ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። መላው ሲጠፋኝ ምን አደረግሁ መሰላችሁ፣ ተጎታቹን እኔው ማደስ ጀመርኩ፣ ሲመጣ አልቆ ይጠብቀው ብዬ።

ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ደምሴ ከሰላ ድንጋይ የመጡት በክረምት ነው፣ ጉሙ ከቀትር ጀምሮ ወርዶ አጥራችንን ውጦታል። ምሳ አቀረብኩላቸው፣ ብዙም ሳይቀምሱ «ልጄ» አሉኝ፣ «ይበቃናል። እርማችንን እናውጣ። ፍታት የለው፣ ተዝካር የለው፣ የዚህ ልጅ ነፍስ እስከ መቼ ትንከራተት?»

«በቁሙ ላለ ሰው እርም አይወጣም ጋሼ» አልኳቸውና ከዚያ በላይ መስማት ስላልቻልኩ ተነስቼ ተጎታቹ ውስጥ ገባሁ። እሳቸውም ተከትለውኝ ወጡ፣ ግን አልገቡም፣ በሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ተጎታቹ መሃሉ ላይ በቀጭን የእንጨት ግድግዳ ተከፍሏል፣ ከበሩ በኩል ማብሰያው፣ ከወዲህ መኝታው። እኔ መኝታው ጋ ተንበርክኬ የአልጋውን እንጨት ስፍቅ፣ ቤቱ ወደ በሩ በኩል ዘመም አለ፣ ሰው ሲወጣበት እንደሚለው ባሌስትራው ሲጥ አለ። «ይግቡ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ መፋቅ ተጀመረ። የራሴ እጅ ድምፅ ነው የሚያስተጋባው ብዬ እጄን አቆምኩ፣ እመኑኝ፣ ያኛው አላቆመም። ረዘም አድርጎ ፋቀ፣ ቆም አለ፣ «እፍ» አለ። በግድግዳው ስንጥቅ የእንጨት ብናኝ በኔ በኩል ቡን ሲል በዓይኔ አየሁ፣ ያንን ግድግዳ እኔ ገና አልነካሁትም።

የፈራሁ ይመስላችኋል? እኔ እንኳ ደስታ ነው የተሰማኝ። «ሰይፉ!» ብዬ ዘልዬ ግድግዳውን ዞሬ ወደ ማብሰያው አለፍኩ። ማንም የለም። ወደ ውጭ ሮጥኩ፣ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«ማን ገባ ጋሼ?»

«ማንም። ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም።»

«ሲፍቅ ሰሙት አይደል?»

«መፋቅ አልሰማሁም» አሉ፣ «ሲያስል ነው የሰማሁት። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ ሳል አጣዋለሁ?»

«መጣ ማለት ነዋ!» አልኩ፣ እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ደምሴ አዩኝ፣ ያንን አስተያየት አልረሳውም። «ልጄ፣ በሕይወት ያለ ሰው ታይቶ ነው የሚገባ» አሉና ደረታቸውን እየመቱ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ጮኹ።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች በጉሙ ውስጥ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። አልሞተም፣ አሁን እዚህ ነበር፣ ዝም በሉ እላለሁ፣ ማን ሊሰማኝ፣ ያበድኩ መስሏቸው ግራና ቀኝ ያዙኝ። ከመምሸቱ በፊት እድሩ ተጎታቹ አጠገብ ድንኳን ተከለ፣ እኔም በገዛ ግቢዬ ሳልፈልግ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ድምፁን ያን ጊዜ ሰማሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። በፊት እባክህ አሰማኝ ብዬ እጸልይ ነበር፣ አሁን ግን እሱ ባልሆነ፣ ሰይጣን በሆነ እያልኩ ነው የምጸልየው፣ ሰይጣን ከሆነ ሰይፉ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው፣ አይደል?

ያንን የመሃል ግድግዳ ግን እስከ ዛሬ በእጄ ዳስሼ አላየሁትም። ለስላሳ ሆኖ ካገኘሁት የፋቀው እሱ ነው፣ ሞቷል፣ ሻካራ ከሆነ ደግሞ እኔ አብጃለሁ። የተጎታቹን ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ብለምንሽም እንዳትሰጭኝ ብያታለሁ፣ ትናንት ለመንኳት።