መብራቱን ተከተሉ

አናናስ መስሎ የለበሰው ልጅ የሚስተር ፔትሪን ደጅ ዝም ብሎ አለፈ። ጠፈርተኛዋም አለፈች። ከኋላ የመጡት ጠንቋዮችም አንገታቸውን ስልካቸው ላይ እንደደፉ አለፉ። የበረንዳውን መብራት ቀና ብሎ ያየ አንድም አልነበረም።

ሃሪየት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ይህን ታያለች።

በዚያች ከተማ ደንቡን የማያውቅ ሕፃን የለም። ልጆች አንዳች ነገር መስለው ለብሰው ከቤት ቤት ከረሜላ በሚሰበስቡበት በሃሎዊን ምሽት የበረንዳ መብራት ከበራ «ኑ፣ አንኳኩ» ማለት ነው። ከጠፋ ሰውየው አልተመቸውምና ቅር ሳይሉ ማለፍ ነው። ደንቡን ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። የሚስተር ፔትሪ መብራት ደግሞ የበራው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ሚስተር ፔትሪ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ለሃሎዊን በረንዳቸውን በካርቶን ቢጫ አውቶቡስ ያስመስሉታል። የድሮ ቆባቸውን ደፍተው ከመሪው ኋላ ይቀመጡና ልጅ ሲመጣ በአፋቸው «ፍሽሽሽ» እያሉ በሩን ይከፍታሉ። ልጆቹ በአንድ በኩል ተሳፍረው፣ ቸኮላታቸውን ተቀብለው በሌላው በኩል ይወርዳሉ። ሃሪየትም ገና መናገር በቅጡ ሳትችል ጀምሮ የዚያ አውቶቡስ ደንበኛ ነበረች።

ዘንድሮ ግን መንገድ የሚያሳየው ስልክ ሆነ። የጓደኛዋ የሳቫና አባት ሚስተር ዳልተን ቤት አሻሻጭ ናቸው። ለሃሎዊን የስልክ አፕ አሠርተው በትምህርት ቤቱ ሁሉ አስነገሩለት። በካርታው ላይ ከረሜላ የሚሰጥ ቤት ብርቱካናማ ዱባ ሆኖ ይታያል፣ የማይሰጥ ደግሞ የመቃብር ድንጋይ። በመሃል አንዲት ቢጫ ፋኖስ ትንቀሳቀሳለች። እሷን የተከተለ ልጅ ኮከብ ይሰበስባል፣ ኮከብ የሞላለት ደግሞ የሚስተር ዳልተን ቢሮ ደጅ ላይ ለቆመው ብስክሌት ዕጣ ውስጥ ይገባል።

ፋኖሷ ሃሪየት ናት። እነ ሳቫና ቢጫ የዝናብ ካፖርት አልብሰዋታል። ስልኳን ኪሷ ከትታ በሄደችበት ሁሉ ካርታው ላይ ያለችው ፋኖስ አብራት ትሄዳለች። ካፖርቱ ጀርባ ላይ «መብራቱን ተከተሉ» የሚል ታትሟል። ቃሉም የሃሪየት ነው። በምሳ ሰዓት ሳቫና «አንድ የሚጥም አባባል ፈልጊልኝማ» ብላት ነበር ያመጣችው። ያኔ በልቧ ያሰበችው የበረንዳ መብራቶችን ነበር።

«የሚስተር ፔትሪ ቤት ለምን መቃብር ሆነ?» ብላ ሳቫናን ጠየቀቻት።

«ልጆች አይምጡብኝ ብለዋላ» አለች ሳቫና ማስቲካዋን እያላመጠች። «አርጅተዋል በቃ፣ ደክሟቸዋል። ነይ እንሂድ፣ ሕዝብሽ እየጠበቀሽ ነው።»

ደክሟቸዋል የተባሉት ሰውዬ ግን ከደረጃቸው አፋፍ ቆመው አንገታቸውን ወደ መንገዱ አስግገዋል። ሃሪየት ስልኳን ለሳቫና «ያዥልኝ» ብላ ሰጥታ ተሻገረች። ልጆቹም የሚያዩት ስልኩን እንጂ ሰውን ስላልሆነ ከሳቫና ጋር ቀሩ።

«ሃሪ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሚስተር ፔትሪ። «ከተማው ውስጥ በሽታ ገባ እንዴ? ወይስ አምና ልጆቹን የሚያስቀይም ነገር ተናግሬ ይሆን?»

ሃሪየት ሳቫና ያለችው ትዝ አላት። በቅርቡ ስልክ የደወለላቸው ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው። አዎ፣ አንድ ጨዋ ወጣት ደውሎ ነበር። ስለ ሃሎዊን ብሎ ጀመረና ወዲያው ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቃቸው፣ ቀጥሎም መሸጥ አስበው ያውቁ እንደሆነ። እሳቸውም ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው ብለው ዘጉት። ስለ ልጆች ግን የጠየቃቸው የለም። ቢጠየቁማ እምቢ ሊሉ ነው? ሳህናቸው እስከ አፉ ሞልቶ እጃቸው ላይ ነው። ከላይ ያለውን ቸኮላት አንስተው ሲዘረጉላት ሃሪየት ስመለስ እወስዳለሁ ብላቸው ወረደች።

መንገዱን ስትሻገር ፊቷ ግሎ ነበር። ስልኳን ከሳቫና እጅ ተቀብላ ካርታውን ራሷ አየችው። ከመንገዱ ጫፍ ካለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ያሉት ቤቶች በሙሉ ድንጋይ ሆነው ተደርድረዋል። ከቆመችበት ግን የበረንዳዎቻቸው መብራት ቦግ ብሎ ይታያል።

«ዋሽተሽኛል» አለች።

«ኧረ ባክሽ፣ አታካብጂ። ማስታወቂያ እኮ ነው። ያልተመዘገበ አይታይም፣ አለቀ።»

«መመዝገብ ማለት ቤቴን እሸጣለሁ ማለት ነው?»

«ስልክ መስጠት ብቻ ነው። ከአባዬ ቢሮ ሰው ይደውልላቸዋል። ማንንም አልገደለም።»

«መቃብር ላይ ጽፏቸዋል እኮ፣ ሳቫና። በቁማቸው። እነዚያስ፣ ከማጠቢያው ጀርባ ያሉትስ? መብራታቸውን አብርተው ተቀምጠዋል።»

ሳቫና ትከሻዋን ሰበቀች። «እነሱማ ተከራይ ናቸው። ምን አላቸውና ይሸጣሉ?»

ካለችው በኋላ ቃሉ ለራሷም የጎረበጣት መሰለ። ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጥላ፣ አባዬ ነው እንዲህ ያለው፣ እኔ አይደለሁም እያለች አጉተመተመች።

ሃሪየትን ጀርባዋ ላይ የታተሙት ቃላት እንደ ሳማ ለበለቧት። የሷ ቃል ነው። ለመብራት ያወጣችውን ቃል ወስደው ሕፃናቱን ከመብራት አስዞሩበት። ሕፃናቱን የቤት ሻጭ ማጥመጃ አደረጓቸው፣ እሷን ደግሞ ቃጭል አንጠልጥላ ከፊት የምትሄድ በግ። የካፖርቷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«አውልቂው ታዲያ» አለች ሳቫና ተቆጥታ። «እኔ እለብሰዋለሁ። ፋኖሱ እንደሆነ የትኛውም ስልክ ላይ ይሠራል።»

እውነቷን ነው። ሃሪየት ካፖርቱን ጥላ ብትሄድ ፋኖሱ ይቀጥላል። ከዱባ ወደ ዱባ ተጉዞ ሚስተር ዳልተን ደጅ ይደርሳል። ሚስተር ፔትሪም ሙሉ ሳህናቸውን ይዘው፣ ማንን አስቀይሜ ይሆን እያሉ ይቀመጣሉ። እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ።

«ፋኖስ» አለ አናናሱ ካፖርቷን ጎተት አድርጎ፣ «አንሄድም እንዴ? እግሬን በረደኝ።»

ሃሪየት የፈታችውን ቁልፍ መልሳ ቆለፈችው። ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«እንሂድ» አለችው።

«ወዴት ነው? መስመሩ እኮ በዚህ ነው» አለች ሳቫና።

ሃሪየት መንገዱን ተሻገረች። ከኋላዋ የትንንሽ ጫማዎች ኮቴ ይሰማል። በየእጃቸው በያዙት ካርታ ላይ ቢጫዋ ፋኖስ ከመስመሯ ወጥታ መቃብሩ ላይ ስትቆም ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ።

«እዚህ ማንም የለም ይላል» አለ አናናሱ። ደረጃው እግሩን ሲመታው ቀና አለ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈበት፣ ዓይኑንም ጨፈን ገለጥ አደረገ። «መብራት አለ» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ከካርቶኑ መሪ ኋላ ቆብ ቀና ሲል ታየ።

«ፍሽሽሽ» አለ በሩ።

ልጆቹ እየተጋፉ ተሳፈሩ። ሳቫና ከማዶ ቆማ ቀርታለች፣ አልጠራቻትም፣ ትታትም አልሄደችም። ሃሪየት ከወረፋው መጨረሻ ቆማ ካርታውን አወጣች። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ የተደረደሩትን ድንጋዮች፣ ቀጥላ ልጆቹን የምትወስድበትን መንገድ እያሰላች፣ አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። ከዚያ የካፖርቷን ቆብ አጥልቃ ልጆቹ እስኪወርዱ ጠበቀች።