ከአፎቷ ያጠረች ቢላዋ

ከደንበኛው ጉሮሮ የወጣችው ስባሪ ከጥፍር አትበልጥም። የትንሽ ቢላዋ ጫፍ ናት። ትናንት ከሾርባ ጋር ነው የዋጣት። ሰውዬው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ወጥ ቤቱ የራሱን ፍርድ ጨርሶ ጠበቃት። የሽንኩርቴ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፏል፤ ቅያሪ የውስጥ ልብሷ ሳይቀር። ሽንኩርቴ ያሏት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስለምትልጥ ነው። ዛሬ ሳትልጥም ታለቅሳለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይኸው ቢላዋዋ! ጫፍ የላትም!» አለ ጭሱ፣ ስጋ ጠባሹ። «እኔ ድሮም ብያለሁ!»

ድሮ ምንም ብሎ አያውቅም።

«ቢላዋሽ መቼ ተሰበረች?» አለች መርማሪዋ።

«ቆይታለች።»

«መሰበሯን ማን ያውቃል?»

ሽንኩርቴ ዋናውን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ዋናው የወጥ ቤቱ አለቃ ነው፤ ቢላዋ አያያዝ ያስተማራትም እሱ። ስሙን ትጠራለች ሲባል አንገቷን ደፋች። ዋናው ጣራ ጣራውን ያያል።

«ትታሰር እንግዲህ» አለ ጭሱ፣ ዳኛ ይመስል።

መርማሪዋ አልቸኮለችም። የሦስቱንም ትንንሽ ቢላዋ ደረደረች፤ ድንች አስመጣችና ወንበር ስባ ትልጥ ጀመር።

የጭሱ ባለ ጥርስ ናት። ለቲማቲም ትሆናለች፤ ድንቹን ግን አኘከችው። ስባሪዋ ጥርስ የላትም። ጭሱ እፎይ አለ።

የሽንኩርቴ ቢላዋ ልጣጩን ስስ አድርጋ አወረደችው። ስባሪዋን ስብራቷ ላይ ብትገጥማት ሰፋችባት። ስብራቱ ራሱ ከብዙ አገልግሎት ተድቦልቡሎ እንደ ማንኪያ ለስልሷል።

የዋናው ቢላዋ ድንቹ ላይ የነበረውን ጥቁር ነቁጥ በአንድ ጊዜ ፈልቅቃ አወጣችው።

«እሷ እንኳን ጫፏ ደህና ነው» አለ ዋናው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«መርፌ ነው እንጂ ጋሼ! አፎቷ የታለ?»

ዋናው ያቺን ቢላዋ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። የቆዳ አፎቷን በልኳ የሰፋላት ራሱ ነው፤ ከወገቡ አይለየውም።

«አፎቷን፣ ጋሼ።»

ፈታና ሰጣት። መርማሪዋ ቢላዋዋን ከአፎቷ ጎን አስተኛቻት። በልኳ የተሰፋው አፎት በአንድ ጥፍር ይረዝማል። ስባሪዋን ክፍተቱ ላይ ብታስቀምጣት ልክ ሞላችው። የሹሉ ጫፍ ግራና ቀኝ ገና ትኩስ የሞረድ ጭረት ነው።

«የቲማቲም ቆርቆሮ ነው» አለ ዋናው፣ ድምፁ እየሟሸሸ። «መክፈቻው ከእጄ ራቀ። ማን ያየኛል ብዬ በእሷ ፈለቀቅኩት። መሰበሯን ያወቅኩት ሾርባው ሲወጣ ነው።»

«ሲወጣ? አስተናጋጁን መልስ አይሉትም?»

«ለምን ቢለኝስ? ‹ቢላዋ መክፈቻ አይደለም› እያልኩ ስንቱን ሰድቤ! አምና ለዚሁ ጥፋት ሰው አባርሬአለሁ። አፈርኩ። ድስቱ ውስጥ ይቀራል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ማታ በሞረድ አዲስ ጫፍ አወጣሁላት።»

«ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

ዋናው ላቡን በሽርጡ ጠረገ።

መርማሪዋ ወደ ሽንኩርቴ ዞረች። «አንቺስ? ቢላዋሽ ቀድሞ መሰበሯን እኚህ ሰው ያውቃሉ። ምነው አልጠራሻቸው?»

ሽንኩርቴ ልብሷን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር። ቀና አላለችም።

«ቆርቆሮውን ሲፈለቅቁ አይቻቸዋለሁ። መሰበሯን አላወቅኩም። አሁን ቦርሳዬ ሲዘረገፍ ነው ነገሩ የገባኝ።»

«እና ዝም?»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? እሳቸውን የሚያህል ሰው? አፈርኩላቸዋ።»

ጭሱ እንኳን ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ልብስ ወድቆ ነበር። ዋናው ሊያነሳላት ጎንበስ አለና ምን እንደሆነ አየ። የተዘረጋ እጁ ባለበት ቀረ።

«ይተዉት ጋሼ» አለችው ሽንኩርቴ በቀስታ። «እኔ አነሳዋለሁ።»