የሁለተኛው ሌሊት ተረኛ

ይህን ያወራሁላቸው ሁሉ "ደክሞሽ ነው" ይሉኛል። ደክሞኝ ነበር፤ አልዋሽም። ያየሁት ግን ድካም አይደለም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። ቦታው የሆስፒታላችን የሴቶች ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። እኔ የሌሊት ነርስ ነኝ።

ተረኛዋ ሐኪም ገና ተማሪ ናት። ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ "ሚጢጢ" እንላታለን። ትናንት እዚሁ አድራለች። ቀኑን ስትሠራ ውላ፣ ለዛሬ ሌሊትም እሷኑ መደቧት።

ማታ አለቃዋን ለምኜው ነበር።

"ዶክተር፣ ልጅቷ ቆማ እያንቀላፋች ነው። ዛሬን እንኳ ትሂድ።"

"እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው፣ ሲስተር።"

"ብትወድቅስ?"

"ሰው የለኝም! ጠፍጥፌ ልሥራ?" ብሎኝ ወጣ።

ሚጢጢ ሰምታለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"ሲስተርዬ፣ አንዴ ጋደም ልበል። የባሰ ነገር ካለ ደውይልኝ።"

ግድግዳውን እየተደገፈች ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ የተኙት እናት ትንፋሽ አጠራቸው። ወደ ማረፊያ ክፍሏ ደወልኩ።

ስልኩ ተነሳ።

"ሚጢጢ?"

"መጣሁ..."

ስልኩን አስቀምጬ ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች።

ኦክስጅኑን አስተካከለች። መድኃኒቱን በሹክሹክታ አዘዘችኝ። መጠኑን እንኳ አልተሳሳተችም። እናትዬዋ ተነፈሱ።

ግን...

ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጋለች፤ ጆሮዋ ላይ አላደረገችውም።

ስታዛጋ ያመሸች ልጅ አንዴም አላዛጋችም።

ዓይኗም አልተርገበገበም።

"በቃ የኔ እናት፣ ሂጂ ተኚ" አልኳት።

"ተኝቻለሁ እኮ..."

ድካም አፏን ያሳታት መሰለኝ። ሳቅኩባት። ወጣች። ውሃ ልሰጣት ብዬ ተከተልኳት...

ኮሪደሩ ባዶ ነው።

የማረፊያው በር ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። ጠራኋት። ጥበቃው ጩኸቴን ሰምቶ መጣና በትከሻው ሰበረው።

ሚጢጢ አልጋው ላይ ናት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ደረቷን መጫን ጀመርኩ። ቀዝቅዛለች። አውቄዋለሁ... እጄ ግን አልተው አለኝ።

"ሐኪም ጥራ! ሩጥ!"

"የትኛውን ሐኪም?" አለኝ። "ተረኛዋ እሷ አይደለችም እንዴ?"

አለቃዋን ከሌላኛው ሕንፃ ይዞት እስኪመጣ እጄ ዝሏል። ሰውየው ክንዷን ሊያጥፍ ሞከረ። አልታጠፈም። ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

"ሲስተር... ይቺ ልጅ ከሞተች ሰዓታት አልፈዋል።"

"አሁን አብረን ታካሚ አየን እኮ! አሁን!"

አይሰማኝም። "ሂጂ ብያት ቢሆን... ሂጂ ብያት ቢሆን..." ይላል ደጋግሞ።

ታካሚዎቼ ብቻቸውን ናቸው። እያለቀስኩ ተመለስኩ። ሁሉም ተኝተዋል።

በሩ አጠገብ እግራቸው ያበጠ አሮጊት አሉ። ብርድ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተገልጧል። ልሸፍናቸው ጎንበስ አልኩ።

ሐኪም እብጠት ሲመረምር በአውራ ጣቱ እንደሚጫነው... ያበጠው ቆዳ ቀስ ብሎ ጎደጎደ።

ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ...

ማንም የለም።

ከዚያ የቀጣዩ አልጋ ብርድ ልብስ፣ ከእግር በኩል፣ በቀስታ መገለጥ ጀመረ።