አራት ዲግሪ

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። የሆነ ነገር ነው፤ ልኬቱም በገዛ እጄ ተጽፎ ይገኛል።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የሳሎኑ መስኮት ተከፍቶ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየተሰማ።

እናቴ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። አባቴ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ከወንበሯ ፊት ለፊት ይቀመጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል።

«ከማን ጋር ነው፣ አባባ?»

«ከእናትሽ ጋር ነዋ። ንኪው እስቲ...»

ነካሁት። ሰው አሁን የተነሣበት ይመስል ይሞቃል።

ታላቅ ወንድሜ ግን ቆርጦ ነበር። «አእምሮው እየከዳው ነው። እኔ ቤት ይግባ።» አባቴ ከገዛ ቤቱ መውጣትን ከሞት አብልጦ ይፈራል።

የእኔ ሥራ ቴርሞሜትር መፈተሽ ነው፤ የሆስፒታሉም የፋብሪካውም ልክ መናገሩን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። እጅ ይዋሻል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ልለካ ተነሣሁ።

ከወንበሯ ጎን መንትያውን ለማነጻጸሪያ አስቀመጥኩ፤ ከአንድ እንጨት ቤት በአንድ ቀን የተገዛ። በሁለቱም ላይ የተፈተሸ ቴርሞሜትር አኖርኩ።

መንትያው ሃያ አንድ። የእናቴ... ሃያ አምስት።

በቀን አንድ ነገር ብቻ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቼ፣ ቀየርኩ።

መጋረጃውን ዘጋሁ። ሃያ አምስት።

ቴርሞሜትሮቹን አቀያየርኩ። ሃያ አምስት።

የወንበሮቹን ቦታ አለዋወጥኩ። ሙቀቱ ወንበሯን ተከትሎ ሄደ...

«ትኩሳት አለው እንዴ፣ ዶክተር?» አለ ወንድሜ። «ሽሮፕ ላምጣለት?»

«ከምታሾፍ ደብቅብኝ።»

ደበቀብኝ። በየቀኑ ሳንቲም እየወረወረ ቦታቸውን ይወስናል፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አንሶላ ይሸፍናል፤ የእናቴ የትኛው እንደሆነ ጽፎ በፖስታ ያሽጋል። እኔ ሳላውቅ እለካለሁ።

በአሥረኛው ቀን ፖስታዎቹን ከፈትን።

አሥሩንም አግኝቻለሁ።

ወንድሜ አልሳቀም። «ያልቀየርሽው አንድ ነገር አለ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን?»

«አባባን። ጓዳ ስትገቢ ቢቀመጥበትስ? ወንበሯ በአንሶላ ቢሸፈንም አይስተውም።»

ልክ ነበር። ይህ ነው ያሳመመኝ።

ወደ ወንድሜ ቤት ልሸኘው ስንወጣ አባቴ በሩ ላይ እጄን ያዘኝ። «ልጄ... ተይ። መጥታ ታጣኛለች።»

«ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ አባባ።»

እሱ በሌለባቸው ሦስት ቀናት ሁለቱም ወንበሮች ሃያ አንድ ሆኑ።

«በቃ፣ ተፈታ» አለ ወንድሜ።

ለእኔ አልተፈታም። ያነሡትን ወደ ቦታው መልሰው ሳያዩ ውጤት የለም። አባቴን ወደ ቤቱ መለስኩት።

ሃያ አንድ...

አራት ቀን ሙሉ፣ ሃያ አንድ።

አልወቀሰኝም። በሰዓቱ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ አያወራም። የለያየኋቸው እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወንድሜ ደወለ።

«እቱ... አባባ የተኛበት ክፍል... አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር...»

«ምን ሆነ?»

«ሞቋል። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።»

አባቴ ምንም ሳልነግረው ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ።

«ፍጠኚ» አለኝ። «ሰው ቤት ብዙ መቀመጥ አትወድም።»

ስንደርስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አሁን... አሁን ቀዘቀዘ።»

አባቴ ወደ ውስጥ እንኳ አልገባም። ወደ ታክሲው ዞረ። በመንገዱ ሁሉ በመስኮቱ በኩል የሚያልፈውን ሰው አንድ በአንድ ይመለከት ነበር።

ቤታችንን ከፍቼ እንደገባሁ ዓይኔ የእናቴ ወንበር ላይ ካለው ቴርሞሜትር ላይ ዐረፈ።

ሃያ አምስት።

አባቴን ልጠራው አፌን ስከፍት... ቁጥሩ መውረድ ጀመረ።

ሃያ አራት...

ሃያ ሦስት...

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ መዳፉን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። ጫማውን አላወለቀም።

ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነበር።